እንቅልፍ የሚስተካከለው ከጠዋት ነው፦ የእድገት ውስንነት ላላቸው ልጆችና ወጣቶች ቤተሰቦች መመሪያ

ልጃችሁ ኦቲዝም፣ ዳውን ሲንድሮም፣ ሴሬብራል ፓልሲ ወይም ሌላ የአእምሮ እድገት ውስንነት ካለውና ሌሊቱን የማያስተኛችሁ ከሆነ፣ መቼም ምክር አላጣችሁም። «ቀን አታስተኙት»፣ «ማታ ገላውን እጠቡት»፣ «ሞቅ ያለ ወተት ስጡት»፣ «ሲያድግ ይተወዋል»። አንዳንዱ ይጠቅማል። አብዛኛው ግን ስለ ማታው ብቻ ያወራል። እኔ የምጀምረው ከሌላው ጫፍ ነው። ማንንም ሰው ተኛ ብሎ ማስተኛት አይቻልም፤ ተነስ ብሎ ማስነሳት ግን ይቻላል። ቤተሰብ በእርግጠኝነት በእጁ ያለው ሰዓት ልጁ የሚነሳበት ሰዓት ነው። ሌላው ሁሉ በእሱ ላይ ይገነባል።

አንድ ነገር ቀድሜ ልበል። «ተፈጥሮው ነው፣ ምን ይደረጋል» የሚለውን አትቀበሉ፣ የሚናገረው ነጭ ጋዎን የለበሰ ቢሆንም። ኦቲዝም ካላቸው ልጆች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በእንቅልፍ እንደሚቸገሩ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ችግሩ የተለመደ መሆኑ ግን መፍትሔ የለውም ማለት አይደለም።

ከዚህ በታች ያሉት ሰዓቶች በሙሉ በሀገር ቤት አቆጣጠር ናቸው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ስል፣ ውጭ ሀገር ያላችሁ ማታ 9 የምትሉት ነው።

ስንት ሰዓት ይበቃዋል?

የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው መለኪያ እንዲህ ይላል፦ ከ3 እስከ 5 ዓመት የቀኑን እንቅልፍ ጨምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት፤ ከ6 እስከ 12 ዓመት ከ9 እስከ 12 ሰዓት፤ ከ13 እስከ 18 ዓመት ከ8 እስከ 10 ሰዓት። ቁጥሩ የወጣው ለልጆች ሁሉ ነው፤ የእናንተ ልጅ ከዳሩ ትንሽ ወጣ ሊል ይችላል። ቀን ንቁ ሆኖ የሚውል፣ ሳይቀሰቀስ የሚነሳ ልጅ በቁጥሩ ምክንያት ብቻ አያስጨንቃችሁ። በተቃራኒው፣ የስምንት ዓመት ልጅ ሌሊቱን አምስት ሰዓት ብቻ ተኝቶ ቀን ሲሮጥ ቢውል «እንቅልፍ አያስፈልገውም» ብላችሁ አትደምድሙ። ትልቅ ሰው እንቅልፍ ሲያጣ ይፈዛል፤ ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ይቅበጠበጣል፣ ይናደዳል፣ ራሱን ይመታል።

መጀመሪያ፣ ምንም ሳትቀይሩ ጻፉ

ለሁለት ሳምንት አንድ ደብተር ከአልጋው አጠገብ ይቀመጥ። በየቀኑ የምትጽፉት፦ አልጋ የገባበት ሰዓት፣ በግምት እንቅልፍ የወሰደው ሰዓት፣ ሌሊት ስንት ጊዜ ነቅቶ ምን ያህል እንደቆየ፣ ጠዋት የተነሳበት ሰዓት፣ ቀን ያሸለበበት ቦታና ርዝመት። ጎን ለጎን መድኃኒት የወሰደበትን ሰዓት፣ ሻይ ወይም ቡና መቅመሱን፣ ሰገራ የወጣበትን ቀን መዝግቡ። ደቂቃ እየቆጠራችሁ አትጨነቁ፤ ግምት ይበቃል።

ሞግዚት፣ አያት ወይም ታላቅ እህት ቀኑን አብራው የምትውል ከሆነ ደብተሩ ለእሷም ይድረስ። ብዙ ጊዜ ምስጢሩ የሚገኘው እዚያ ነው። ከትምህርት ቤት ወይም ከማዕከል ሲመለስ ሰርቪስ ውስጥ ለአንድ ሰዓት የሚተኛ ልጅ ማታ በ3 ሰዓት እንቅልፍ እንቢ ቢለው አይገርምም፤ እናት ግን ሰርቪሱ ውስጥ የለችም። ረዳቷን ጠይቁ። እንዳይተኛ መስኮት አጠገብ አስቀምጣ እንድታጫውተው መለመን ከማንኛውም ክኒን የበለጠ የሚጠቅምበት ቤት አለ።

ሁለቱ ሳምንት ሲያልቅ ከሦስት ነገር አንዱ፣ ወይም ቅልቅላቸው ይታያችኋል። እንቅልፍ የማይወስደው ልጅ አለ። ቶሎ ተኝቶ ሌሊት በ8 ሰዓት ተነስቶ የሚጫወት አለ። በቂ ሰዓት ተኝቶ ቀን የሚያንቀላፋ፣ ወይም ደክሞት የሚነሳ አለ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በልማድ ለመርዳት ብዙ ይቻላል። ሦስተኛው ግን ሐኪም ይፈልጋል፤ ልጁ የሚተኛ ይመስላል እንጂ አካሉ እያረፈ አይደለም።

ከልማድ በፊት በሽታን አጣሩ

ይህን ክፍል አትዝለሉት። ጥርሱን ያመመውን ልጅ በሥዕልና በሥርዓት ማስተኛት ጊዜ ማባከን ነው፣ ለልጁም በደል ነው።

ማንኮራፋት። ዳውን ሲንድሮም ያላቸው ልጆች የፊታቸው አጥንት አነስ ያለ፣ የጡንቻቸው ውጥረት የላላ ስለሆነ ሲተኙ የአየር መተላለፊያቸው በቀላሉ ይዘጋል፤ ቶንሲልና ከአፍንጫ ጀርባ ያለው እጢ ሲያብጡ ይብሳል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እያንዳንዱ ዳውን ሲንድሮም ያለው ልጅ፣ ቢያንኮራፋም ባያንኮራፋም፣ በ3 እና በ4 ዓመቱ መካከል የእንቅልፍ ምርመራ (ሌሊት ሲተኛ ትንፋሹ በመሣሪያ የሚለካበት) እንዲደረግለት ይመክራል፤ ወላጅ አጠገቡ ተኝቶም ቢሆን የማያስተውለው መዘጋት ስለሚኖር ነው። ምልክቶቹ፦ ከፍ ያለ ማንኮራፋት፣ ትንፋሽ ቆም ብሎ በኃይል መመለስ፣ አፍ ከፍቶ መተኛት፣ አንገትን ወደ ኋላ አጥፎ ወይም ቁጭ ብሎ መተኛት፣ በላብ መጠመቅ። የእንቅልፍ ምርመራ በቀላሉ በማይገኝበት ቦታ ልጁ ሲተኛ ደረቱና ፊቱ እየታየ፣ ድምፁ እየተሰማ በስልካችሁ ጥቂት ደቂቃ ቅረጹና ለአንገት በላይ ሐኪም አሳዩ። ዳውን ሲንድሮም ላለው ልጅ የታይሮይድ ምርመራም ይጠየቅ፤ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ ድካምና እንቅልፋምነት ያመጣል።

የሚጥል በሽታ። ኦቲዝም ወይም ሴሬብራል ፓልሲ ያላቸው ልጆች ላይ ከሌሎች ይልቅ በብዛት ይታያል፤ አንዳንዱ መጣል የሚመጣው በእንቅልፍ ብቻ ነው። ሌሊት የሚያስነሳው ነገር ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መልክ የሚመጣ ከሆነ፣ ከግትርነት ወይም ከመንቀጥቀጥ ጋር ከሆነ፣ ምላሱን ነክሶ ወይም ድንገት አልጋ ላይ ሸንቶ ከተገኘ ቅረጹና ለሐኪም አሳዩ። መጣሉ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ቀረጻውን ትታችሁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። እንቅልፍ ማጣት ራሱ መጣልን ይቀሰቅሳል፤ ስለዚህ የሚጥል በሽታ ያለበትን ልጅ መኝታ ሰዓት ከመቀየራችሁ በፊት ሐኪሙን አማክሩ።

የብረት ማነስ። እግሩን የሚያወራጭ፣ አልጋ ውስጥ የሚሽከረከር፣ እግሩን ግድግዳ ላይ የሚያሽ ልጅ ብረቱ አንሶ ሊሆን ይችላል። የደም ማነስ ምርመራ «ደህና ነው» ቢልም የተከማቸው ብረት ሊያንስ ስለሚችል ፌሪቲን የሚባለውን ምርመራ ለይታችሁ ጠይቁ። እግራቸው ዕረፍት ለሚነሳቸው ልጆች የዘርፉ ሐኪሞች ፌሪቲን በሊትር ከ50 ማይክሮግራም በታች ሲሆን ብረት ይሰጣሉ። ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው በላዩ የሚጠጣ ሻይና ቡና ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል፤ እኛ ቤት ደግሞ ምሳን ያለ ሻይ መጨረስ ያስቸግራል። ቢያንስ የልጁን ሻይ ከምግቡ አርቁት። የብረት ክኒን ያለ ምርመራ አትስጡ፤ ሲታዘዝም ልጅ የማይደርስበት ቦታ ይቆለፍበት፣ ከመጠን ካለፈ ይገድላል።

ሕመም። መናገር የማይችል ልጅ ጆሮውን በመምታት፣ እጁን በመንከስ፣ ጭንቅላቱን ከግድግዳ በማጋጨት ነው የሚናገረው። ጥርሱን፣ ጆሮውን፣ ሆዱን አስመርምሩ። የሆድ ድርቀት በእነዚህ ልጆች ላይ እጅግ የተለመደ የሌሊት ጠላት ነው። ሴሬብራል ፓልሲ ያለው ልጅ በራሱ መገላበጥ ካልቻለ ጡንቻው ስለሚኮማተርና አንዱ ጎኑ ስለሚደክም ይነቃል፤ በጉልበቶቹ መካከልና ከጀርባው ትራስ እንዴት እንደሚደረግለት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ያሳያችሁ። ቃር ያለበት ልጅ ደግሞ በርበሬ የበዛበት ወጥ ከበላ በኋላ ወዲያው ሲጋደም ይቃጠላል። እራቱን ከመኝታው ሁለት ሰዓት ያህል አስቀድሙለት፣ ቤተሰቡ ዘግይቶ የሚበላ ቢሆንም። ትንሽ የምትመስል ሌላም ነገር አለች። ለመነካት በጣም ስሱ የሆነች ልጅ ሹሩባ በተሠራች ማግስት እንቅልፍ ካጣች ጥፋቱ የሹሩባው ጥብቀት ሊሆን ይችላል።

የሚወስደው መድኃኒት። በብዙ ጤና ጣቢያ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኖባርቢታል አንዳንድ ልጆችን ያንቀለቅላል። ለትኩረት ማጣት የሚታዘዘው ሜቲልፌኒዴት ከሰዓት በኋላ ዘግይቶ ከተወሰደ እንቅልፍ ይከለክላል። መድኃኒት በራሳችሁ አታቋርጡ፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ድንገት ማቆም አደገኛ ነው። ደብተራችሁን ይዛችሁ «ሰዓቱ ወይም ዓይነቱ ይቀየርለት ይሆን?» ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን የመነሻውን ሰዓት ቁረጡ

አንድ ሰዓት ምረጡ፤ ለምሳሌ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል። ሌሊቱን ቢተኛም ባይተኛም፣ ቅዳሜም እሁድም፣ በዚያ ሰዓት ይነሳል። ከባዱ ሥራ ይህ ነው። እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ያስለቀሳችሁን ልጅ ጠዋት መቀስቀስ ጭካኔ ይመስላል፤ «ምስኪን፣ ትንሽ ይተኛ» ማለት የእናት አንጀት ነው። ግን እስከ 4 ሰዓት ረፋድ የተኛ ልጅ ማታ በ3 ሰዓት የሚተኛበት ምክንያት የለውም። ያ «ትንሽ ይተኛ» የሚመጣውን ሌሊት ይበላዋል።

ከአልጋ እንደወጣ ብርሃን ይየው። በረንዳ ላይ ይቀመጥ፣ ግቢ ውስጥ ይንቀሳቀስ፣ ዳቦ ለመግዛት አብሯችሁ ይውጣ። የሰውነት ሰዓት የሚሞላው በዓይን በሚገባ የጠዋት ብርሃን ነው። በዚህ ረገድ ኢትዮጵያ የታደለች ናት፦ ጸሐይ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አካባቢ ትወጣለች፣ ዋጋም አታስከፍልም። ስቶክሆልም ወይም ሚኒያፖሊስ ያላችሁ ግን ክረምት ላይ ጨለማ፣ በጋ ላይ ደግሞ የማያልቅ ምሽት ስላለባችሁ መጋረጃና መብራት ጸሐይን እንዲተኩ ማድረግ አለባችሁ፤ በሰኔ ወፍራም ጥቁር መጋረጃ ቅንጦት አይደለም። ሰዓት በሚቀየርበት ሳምንት ለውጡን አንድ ቀን ላይ አትጣሉት፤ ቀደም ብላችሁ በየቀኑ በ15 ደቂቃ አሸጋግሩት።

ዓይነ ስውርነት ያለበት ልጅ ብርሃኑ ስለማይደርሰው ሰዓቱ በየቀኑ እየተንሸራተተ ሊሄድ ይችላል። ደብተሩ ላይ እንቅልፉ በየጥቂት ቀኑ ወደፊት ሲገፋ ካያችሁ ለሐኪም ንገሩ፤ ሕክምናው የተለየ ነው።

ቀን እንዲንቀሳቀስ አድርጉ። ቤት ውስጥ ስክሪን ፊት የዋለ ልጅ ማታ የሚደክም ነገር የለውም። ከአምስት ዓመት በላይ ከሆነ የቀን እንቅልፉ ከ9 ሰዓት በፊት ይለቅ።

ቤቱን ማሰናዳት፣ አንድ ክፍል ቢሆንም

የእንቅልፍ መመሪያዎች «ልጁ የራሱ ጸጥተኛ ክፍል ይኑረው» ሲሉ ከኪራይ ቤት ውጭ ያለ ሰው እንደጻፋቸው ያስታውቃል። ስድስት ሰው በአንድ ክፍል በሚተኛበት ቤት ቢያንስ ማዕዘን ይኖራል። የልጁ ፍራሽ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ይዘርጋ፣ ቀን ላይ መጫወቻ አይሁን። በገመድ ላይ የተንጠለጠለ መጋረጃ ቴሌቪዥኑንና አምፖሉን ከጋረደለት በቂ ነው። ከመኝታው አንድ ሰዓት በፊት ትልቁ አምፖል ጠፍቶ ደብዛዛ መብራት ይብራ። ተከታታይ ድራማውን መተው ካልተቻለ ድምፁ ይቀነስ፣ ፊቱም ከልጁ ይዙር።

ውጭ ያለውን ድምፅ ማስቆም አትችሉም፦ የውሻ ጩኸት፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ድምፅ ማጉያ፣ የሠርግ ድንኳን። ድንገተኛ ድምፅ የሚያስደነግጠውን ልጅ የሚረዳው በማያቋርጥ ለስላሳ ድምፅ መሸፈን ነው። የዝናብ ድምፅ በስልክ፣ ስክሪኑ ወደ ታች ተደፍቶ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሌሊቱን ሙሉ። ሌሊቱን ሙሉ ያልኩት በምክንያት ነው፤ ልጁ ሲተኛ የነበረ ነገር ሲነቃ ከሌለ ያንን ፍለጋ ይነሳል።

ቡና። በቡና ሰዓት ከሲኒ ጠብታ የሚቀምሱ ልጆች ብዙ ናቸው፤ ሻይና ኮላም በውስጣቸው ካፌይን አላቸው። ከቀትር በኋላ ከእነዚህ ለልጁ ምንም አይሰጠው። በረካ እየተቀዳ «ለእሱም ትንሽ» የሚሉትን እንግዶች እናንተ ናችሁ የምትመልሱት።

ከባድ ብርድ ልብስ ለኦቲዝም ይጠቅማል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል፤ ውጭ ሀገር በውድ ዋጋ ይሸጣል። እንግሊዝ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ኦቲዝም ያላቸው ልጆች ከቀላሉ ይልቅ ከባዱን እንደወደዱት፣ እንቅልፋቸው ግን እንዳልረዘመ አሳይቷል። የሚወደው ከሆነ ድርብ ጋቢ ያው ነው። በራሱ ገፎ መጣል ለማይችል ልጅ ግን ከባድ ነገር አታልብሱት።

ሌሊት ክፍሉ ውስጥ ከሰል አይኑር። ልጁ እንዳይበርደው ተብሎ የሚገባ ምድጃ ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

የመኝታ ሥርዓት በሥዕል

ከመኝታ በፊት ያለው ግማሽ ሰዓት በየቀኑ አንድ ዓይነት ይሁን፤ አራት ወይም አምስት ነገር ይበቃል። ለምሳሌ፦ ሽንት ቤት፣ ጥርስ መቦረሽ፣ የሌሊት ልብስ፣ አንድ መዝሙር ወይም ተረት፣ መብራት ማጥፋት። ለእያንዳንዱ ሥዕል ሥሩ ወይም ልጁ ያንን ሲያደርግ ፎቶ አንሡ፤ ካርቶን ላይ ለጥፋችሁ ከላይ ወደ ታች ግድግዳ ላይ ደርድሩ። አንዱ ሲያልቅ ልጁ ራሱ ይገልብጠው። ጆይን ወይም ነህምያን በመሰለ የኦቲዝም ማዕከል የሚማር ከሆነና እዚያ የሥዕል ካርድ ከለመደ፣ ለቤትም ያንኑ ካርድ ለምኑ፤ ልጁ ሁለት ቋንቋ ከሚማር አንዱ ይበቃዋል።

የምትናገሩትን አሳጥሩ። «አሁን ጥርስ። ከዚያ ልብስ።» ረጅም ማባበል ልጁን ያነቃዋል። የሚያንቀለቅለውን ነገር ከሥርዓቱ አውጡ። ገላ መታጠብ አንዱን ያረጋጋል፣ ሌላውን በሳቅ ያፈነዳዋል፤ ለሚፈነዳው ገላውን ከሰዓት በኋላ እጠቡት። አባት አምሽቶ ሲገባ ልጁን ወደ ላይ እየወረወረ የሚያጫውትበት ቤት ካለ… ያ ጨዋታ ደግ ነው፣ ግን ወደ ጠዋት ይዛወር።

ሥርዓቱን ሁልጊዜ እናት ብቻ አትሥራው። በእናት እጅ ብቻ የሚተኛ ልጅ እናት ስትታመም ቤቱን ያናጋል።

ትክክለኛውን የመኝታ ሰዓት ማግኘት

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው ልጁን ቶሎ አልጋ ላይ በማስገባት ነው። በ2 ሰዓት አስተኝተውት በ4 ሰዓት ተኩል እንቅልፍ የሚወስደው ልጅ ሁለት ሰዓት ተኩል አልጋ ላይ እየጮኸ ይቆያል፤ አልጋ የጩኸት ቦታ መሆኑን ይማራል። ስለዚህ ለጊዜው አዘግዩት።

ከደብተሩ እንቅልፍ በእውነት የሚወስደውን አማካይ ሰዓት አውጡ። በምሳሌያችን 4 ሰዓት ተኩል ነው። የመኝታ ሥርዓቱ በ4 ሰዓት ይጀምር፣ አልጋ በ4 ተኩል። ከዚያ በፊት ደብዘዝ ባለ ብርሃን ጸጥ ያለ ነገር ያድርግ፣ ግን አይተኛ። መነሻው ያው 12 ሰዓት ተኩል ነው፤ ይህ ካልተያዘ ዘዴው አይሠራም። አልጋ በገባ በ15 ወይም በ20 ደቂቃ ውስጥ እንቅልፍ መውሰድ ሲጀምረው፣ ይህም ሁለት ሦስት ሌሊት ሲጸና፣ የመኝታውን ሰዓት በ15 ደቂቃ አስቀድሙ። እንደገና ሲጸና እንደገና 15 ደቂቃ። በዚህ አካሄድ ከ4 ተኩል ወደ 3 ሰዓት ለመድረስ ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። አንድ ደረጃ ላይ ከተሰናከለ ወደ ቀድሞው ተመልሳችሁ ጥቂት ሌሊት ቆዩ።

ስለ አብሮ መተኛት

ከወላጅ ጋር መተኛት በእኛ ቤት ነውር አይደለም፣ በሽታም አይደለም። ሁላችሁም የምትተኙ ከሆነ አትንኩት። ችግር የሚሆነው ልጁ ያለ እናቱ ጸጉር ወይም ያለ አባቱ ክንድ እንቅልፍ የማይወስደው ሲሆንና በሌሊት በነቃ ቁጥር ያንኑ ሲጠይቅ ነው። ሰው ሁሉ ሌሊት ለአፍታ ይነቃል፤ ልዩነቱ ተመልሶ ለመተኛት የሚያስፈልገው ነገር እጁ ላይ መኖሩ ነው።

ማላቀቁ ቀስ በቀስ ይሁን። ጥቂት ሌሊት አብራችሁት ተጋድማችሁ፣ እጃችሁን ብቻ አስይዙት። ቀጥሎ ፍራሹ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጡ፣ ሳትነኩት። ቀጥሎ ዱካው አንድ ክንድ ይራቅ፤ በመጨረሻ በሩ ጋ ወይም ከመጋረጃው ማዶ። ወደሚቀጥለው የምታልፉት አሁን ያላችሁበት ሲለመድ ነው። የእናት ሽታ ያለበት ነጠላ ቢሰጠው ብዙ ይረዳል።

የሚነገረውን የሚረዳ ልጅ ከሆነ የፈቃድ ካርድ ሞክሩ። ሲተኛ አንድ ካርድ ይሰጠዋል፤ ያ ካርድ አንድ ጊዜ ተነስቶ ውሃ ለመጠጣት ወይም ለመታቀፍ ያስችለዋል። ካርዱ ካለቀ ወዲያ ቢነሳ ያለ ንግግር፣ ያለ ቁጣ ወደ አልጋው ይመለሳል። ካርዱን ሳይጠቀምበት ካደረ ጠዋት የሚወደውን ነገር ያገኛል። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ጩኸቱ ይብሳል፤ ጎረቤት አስቀድማችሁ አሳውቁ፣ ለፈተና የሚያጠና ወንድም ካለም ሌላ ቦታ ይደር። መሃል ላይ «እሺ፣ ለዛሬ ብቻ» ካላችሁ ልጁ የሚማረው ምን ያህል መጮህ እንዳለበት ነው።

ሌሊት በ8 ሰዓት ሲነሳ

መብራት አታብሩ። ስልክ አትስጡ፤ ይህ ሁላችንም የምናውቀው የድካም መውጫ ነው፣ ለነገም ቀጠሮ ይይዝለታል። ጨዋታ የለም፣ ምግብ የለም (ሐኪም ካላዘዘ በቀር)። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አጭር ቃል ተናገሩ፦ «ሌሊት ነው፣ ተኛ።» መልሳችሁ አስተኙት።

ሳይተኛ እየዞረ የሚያድር ከሆነ የመጀመሪያው ጥያቄ ደኅንነት ነው። ቢላ፣ ክብሪት፣ ጋዝ፣ በረኪና፣ መድኃኒት ይቆለፍባቸው። በር ከፍቶ የሚወጣ ልጅ ካለ ከላይ መቀርቀሪያና በሩ ላይ ቃጭል አድርጉ። ልጁን ለብቻው ክፍል ውስጥ መቆለፍ ወይም ማሰር ግን የለም። የሚያስሩ ቤተሰቦች እንዳሉ አውቃለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከጭካኔ ሳይሆን መንገድ ላይ መኪና እንዳይገጨው ከመፍራት ነው። ነገር ግን እሳት ቢነሳ፣ መጣል ቢመጣበት፣ የታሰረ ልጅ መውጫ የለውም። እዚያ ደረጃ ከደረሳችሁ በተራ መጠበቅና ከዘመድ ሌሊት መበደር ይሻላል።

ተራ መጠበቅ ማለት ደግሞ የምር ተራ ነው። አንዱ እስከ 8 ሰዓት፣ ሌላው ከ8 እስከ ንጋት፤ ወይም አንድ ሌሊት አንዱ፣ ቀጣዩን ሌላው። ለሁለት ተከፍሎ ያልታደለ ሸክም እናት ላይ ይወድቃል፣ ያልተኛች እናት ደግሞ የትኛውንም ዘዴ ሁለት ሳምንት ይዛ መዝለቅ አትችልም።

ወጣት ሲሆኑ

በጉርምስና የሰውነት ሰዓት በተፈጥሮው ወደ ኋላ ይሸሻል፤ የ15 ዓመት ልጅ ማታ በ4 ሰዓት ካልደከመው እልኸኝነት አይደለም። ስልኩ ሳሎን ያድር፣ የእናንተም ጭምር፤ አለበለዚያ ክርክሩን አታሸንፉትም። እንደ ሕፃን «ተኛ» መባሉ የሚያናድደው ከሆነ ሥርዓቱን ከራሱ ጋር ሥሩ፦ የማንቂያ ሰዓቱን ራሱ ይሙላ፣ ሙዚቃውን ራሱ ይምረጥ።

ደህና ሲተኛ የነበረ ወጣት ድንገት ከተለወጠ መንስኤ ፈልጉ። ኦቲዝም ባላቸው ልጆች የሚጥል በሽታ በጉርምስና አዲስ ሊጀምር ይችላል። ዳውን ሲንድሮም ያላት ወጣት እንቅልፏና ምግቧ አብረው ከቀነሱ፣ ከሰው ከሸሸች፣ ድብርት ሊሆን ይችላል፤ ይታከማል። የወር አበባ ሕመም የማትናገር ልጅ ከሆነች የደብተሩን ቀኖች ከወር አበባዋ ጋር አስተያዩ። የሚያስፈራራት ወይም የነካት ሰው አለ ወይ የሚለውንም መጠየቅ ይከብዳል፤ ግን ጠይቁ።

ሜላቶኒንና ሌሎች

ሜላቶኒን ሲጨልም አንጎል የሚያመነጨው ሆርሞን ነው። የአሜሪካ የነርቭ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2020 ኦቲዝም ላላቸው ልጆች ያወጣው መመሪያ ቅደም ተከተሉን ግልጽ ያደርገዋል፦ መጀመሪያ አብሮት ያለውን ሕመምና መድኃኒት ማስተካከል፣ ከዚያ የልማድ ዘዴዎች፣ እነዚህ ካልበቁ ሜላቶኒን። መጠኑ ከ1 እስከ 3 ሚሊግራም ከመኝታ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት ይጀመራል፤ ሐኪሙ እያየ ሊጨምር ይችላል፣ በቀን ከ10 ሚሊግራም ግን አይበልጥም። እንቅልፍ የሚወስድበትን ጊዜ ያሳጥራል፤ ሌሊት መንቃትን የመከልከል አቅሙ ደካማ ነው።

ከአሜሪካ በሻንጣ የሚመጣው ሜላቶኒን እዚያ የሚሸጠው እንደ ምግብ ተጨማሪ እንጂ እንደ መድኃኒት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ምርመራ ከ25 የከረሜላ ዓይነት ሜላቶኒኖች 22ቱ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን መጠን በትክክል እንዳልያዙ አገኘ። እንግሊዝ ውስጥ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሸጥም፤ በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ኦቲዝም ላላቸው ልጆች ቀስ ብሎ የሚለቀቅ ዓይነት ጸድቋል። እዚያ ካላችሁ ያንን ጠይቁ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ከሆነ ሐኪሙ ሳያውቅ አትጀምሩ።

የጉንፋንና የአለርጂ ሽሮፕ ለማስተኛ አትስጡ። ፕሮሜታዚን ያለበት ሽሮፕ ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል፤ ትልልቆቹንም አንዳንዴ ያስተኛል፣ አንዳንዴ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ያሳብዳቸዋል።

በዓል ሲመጣ

የገና፣ የጥምቀትና የፋሲካ ሌሊት ሁሉንም ያፈርሳል፤ ልጁን ከቤተሰቡ በዓል ማግለል ግን አልመክርም። ከእናንተ ጋር ያምሽ። ፋሲካ ሌሊት በ9 ሰዓት ዶሮው ሲወጣ ከነቃ አብሮ ይቅመስ። ማግስቱን ከመነሻ ሰዓቱ ከአንድ ሰዓት በላይ አታሳልፉት፤ ቀን ላይ ከምሳ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይጋደም፣ ማታ በመደበኛው ሰዓት ይተኛ። ወንድምና እህቶቹ እስከ ቀትር ሲያንኮራፉ እሱን መቀስቀስ አድልዎ ይመስላል፤ አክስቶች ይቆጧችኋል። ቀስቅሱትና ግቢ አውጡት።